ተለዋዋጭ የባንድዊድዝ ድልድል

ተለዋዋጭ የባንድዊድዝ ድልድል (በአጭሩ ዲ.ቢ.ኤ.) አንድን የፋይበር መስመር የሚጋሩ ደንበኞች መረጃ የሚልኩበትን ጊዜ እንደየፍላጎታቸው የሚያከፋፍል ዘዴ ነው። የሚሠራው ፓሲቭ ኦፕቲካል ኔትወርክ፣ ባጭሩ ፖን፣ በሚባለው የፋይበር መረብ ላይ ነው።

የመስመሩ አሠራር

በቴሌኮም ጣቢያ ያለው ዋና መሣሪያ ኦ.ኤል.ቲ. ይባላል። ከእርሱ የሚወጣው ፋይበር ስፕሊተር በሚባል፣ ኤሌክትሪክ በማይፈልግ የብርሃን መከፋፈያ አማካይነት ለምሳሌ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይዳረሳል። በየቤቱ የሚቀመጠው መሣሪያ ኦ.ኤን.ቲ. ነው። ከጣቢያው የሚመጣው መረጃ ለሁሉም ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ኦ.ኤን.ቲ. የራሱን ብቻ ይወስዳል። ወደ ጣቢያው ሲላክ ግን ሁለት ቤቶች በአንድ ጊዜ ከላኩ ብርሃናቸው ይደባለቃልና ተራ መጠበቅ ግድ ነው።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ 1 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 5 ማይክሮ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ኦ.ኤል.ቲ. አስቀድሞ የየቤቱን ርቀት ይለካል፤ ቅርብ ያሉትንም በልኩ ያዘገያል።

ድልድሉ

ጂፖን የተባለው ደረጃ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የጸደቀው ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ወደ ጣቢያው የሚላከው መረጃ ፍጥነት 1.244 ጊጋቢት በሴኮንድ ነው። ይህ ለ32 ቤቶች በእኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ 39 ሜጋቢት ገደማ ይደርሳል፤ የማይጠቀም ቤት ድርሻም ባክኖ ይቀራል። በዲ.ቢ.ኤ. ግን 4 ቤቶች ብቻ እየላኩ ከሆነ እያንዳንዱ እስከ 311 ሜጋቢት ገደማ ሊያገኝ ይችላል።

ኦ.ኤን.ቲ. ምን ያህል መረጃ እንደሚጠብቅ ያሳውቃል፤ ወይም ኦ.ኤል.ቲ. ራሱ የመስመሩን አጠቃቀም አይቶ ይገምታል። ከዚያም በየ125 ማይክሮ ሴኮንዱ ማን መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያቆም ይወስናል። ሥራው በመናኸሪያ የሞላውን መኪና እያስቀደመ ከሚያስወጣ ተራ አስከባሪ ጋር ይመሳሰላል። ሆኖም ለስልክ ድምፅ ቋሚ ድርሻ፣ ለሌሎች አገልግሎቶች የተረጋገጠ ዝቅተኛ ድርሻ መመደብ ይቻላል፤ ትርፉ ለቀሪው ይከፋፈላል።

አዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በኢትዮጵያ ኢትዮ ቴሌኮም ለቤትና ለድርጅት በፋይበር ኢንተርኔት ያቀርባል። የጂፖን መስመር በተለምዶ የሚደርሰው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ልትዳረስ አትችልም፤ ኦ.ኤል.ቲ. በአቅራቢያዋ መኖር አለበት። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ወንጂ በርቀት ረገድ ከአዳማ ልትዳረስ ትችላለች። መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ግን የየራሳቸው ጣቢያ ያስፈልጋቸዋል።

ገደቡ

ዲ.ቢ.ኤ. የተገኘውን አቅም ያከፋፍላል እንጂ አዲስ አቅም አይፈጥርም። ሁሉም ቤቶች በአንድ ጊዜ ከላኩ ድርሻቸው ወደ 39 ሜጋቢት ይመለሳል። ከከተማው ጣቢያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ዋና መስመር ከተጨናነቀም ዲ.ቢ.ኤ. ሊያቃልለው አይችልም። ስፕሊተሩ መብራት ባይፈልግም ኦ.ኤል.ቲ. እና ኦ.ኤን.ቲ. ይፈልጋሉ፤ መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ ኃይል የሌለው ቤት ፋይበሩ ደህና ሆኖ ሳለ ከኢንተርኔት ይቋረጣል።