ሦስተኛው ሽቦ፦ ከናይሮቢ ጎዳና እስከ ማዕድ ቤታችን

ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ምሽት አብዛኛው የኬንያ ምድር በጨለማ ተዋጠ። በናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ተጠባባቂ ጄኔሬተር አልነሣ በማለቱ መንገደኞች ተጉላሉ፤ የኤርፖርቶቹ ድርጅት ኃላፊም ከሥራቸው ተነሡ። አልነሣ ስላለው ጄኔሬተር ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን ተነሥቶ እየሠራ ከምድር ጋር ስላልታሰረው ነው።

በመሃል ናይሮቢ፣ በቶም ምቦያ መንገድና በሪቨር ሮድ፣ መብራት ሲጠፋ ትንንሽ የቤንዚን ጄኔሬተሮች በየሱቁ ደጃፍ ይጮኻሉ። የቆሙት በጎማ እግር፣ በሲሚንቶ ላይ ነው። የኬንያ ሶኬት እንደ እንግሊዞቹ ባለ 3 ቀዳዳ ሲሆን፣ የስፒናው ረጅም እግር የምድሩ ነው፤ ቀድሞ ገብቶ የሌሎቹን ቀዳዳዎች መዝጊያ የሚከፍተው እርሱ ነው። ባለ 2 እግር ስፒና የያዘ ሰው ግን በዚያ ቀዳዳ እስክሪብቶ ሰክቶ መዝጊያውን ያታልላል!

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ በተዘረጋው የ1,045 ኪሎ ሜትር መስመር የእኛው ኮረንቲ ወደ ኬንያ ይሄዳል፤ ጥፋቱም የጋራችን ነው። እህቶቻችን «ምጣዱ ይነዝራል» ብለው ደረቅ ነጠላ ጫማ አጥልቀው ሲጋግሩ እናያለን። የነዘራቸው ምጣድ ምድር የሌለው ምጣድ ነው። ጫማው መድኃኒት አይደለም፤ እርጥብ እጅ ያለው ሕፃን ሊነካው ይችላልና።

«የብረት ዘንግ ከመሬት ቀብረናል፣ ይበቃል» የሚሉ ጓዶች አሉ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የዘንጉ ተቃውሞ 50 ኦም ቢሆን 220 ቮልት የሚያሳልፈው 4.4 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ቀፎውም ኮረንቲ እንደተሸከመ ይቆያል። ስለሆነም ቀፎውና ኒውትራሉ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቦታ ብቻ፣ በባለሙያ ታስረው ከምድር ሊገናኙ ይገባል። ያን ጊዜ ያፈተለከው ኮረንቲ በሽቦው ወደ ምንጩ ተመልሶ ብሬከሩን ያወርደዋል። በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የሕይወት ማዳኛ ማብሪያ ሲታከልበት ይበልጥ ይታመናል።

መብራት ድንገት ተመልሶ ሲመጣ የሚከተለው የቮልቴጅ ግፊት ሌላው ጠላት ነው። ቴሌቪዥናችንን ይጠብቃል ብለን የገዛነው መከላከያ ትርፉን የሚያፈስሰው በዚያው በሦስተኛው ሽቦ ነው፤ ሽቦው ከሌለ ትንሿ መብራቱ በርታ ብትታይም አትመኑ።

ጄኔሬተርን በሶኬት በኩል ወደ ቤት መስደድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ትራንስፎርመሩ ኮረንቲውን ገልብጦ ወደ 15,000 ቮልት ያሳድገዋል፤ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛም መስመሩ የሞተ መስሎት ይነካዋል። መቀያየሪያ ማብሪያ ሳይገጠም ማንም ወታደር ይህን እንዳይሞክር።

በመረሬ አፈር ላይ ያለ ሰፈር ዘንጉን በክረምት ለክቶ አይዘናጋ። መሬቱ በበጋ ይሰነጠቅና ከብረቱ ይለያል፤ ልኬቱ በየካቲትና በመጋቢት ይደገም።