በበረዶ መሀል የተፈታው እንቆቅልሽ

ልጆች፣ 92ን ለሁለት ክፈሉ ብትባሉ 46 እና 46 ትላላችሁ አይደል? ዩራኒየም የሚባለው ብረት ግን እንዲህ አይከፈልም። ይህን የደረሰችበት ሊዘ ማይትነር ናት።

ሊዘ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1878 ቪየና ውስጥ ነው። ያኔ የሴት ልጅ ትምህርት በ14 ዓመቷ ያበቃ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች በሩን ሲከፍት ያመለጧትን ዓመታት በግል አጥንታ ፈተናውን አለፈች፤ በ1906 በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪዋን ያዘች።

በርሊን ስትሄድ ደግሞ «ሴት አይገባም» ተባለች። ከኬሚስቱ ከኦቶ ሃን ጋር እንድትሠራ የተፈቀደላት ምድር ቤት ባለች የአናጺ ክፍል ብቻ ነበር። ሽንት ቤት እንኳ ለመሄድ ከሕንጻው መውጣት ነበረባት! (ወላጆች፣ ልጆቹ እዚህ ጋ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ለምን እንደተከለከለች ግን መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልስ አዘጋጁ።)

ዓመታት አለፉ፤ ሊዘም ፕሮፌሰር ሆነች። ነገር ግን የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ ስለነበረች በሂትለር ዘመን ሕይወቷ አደጋ ላይ ወደቀ። በ1938፣ በ59 ዓመቷ፣ 10 ማርክ ብቻ ይዛ በባቡር ወደ ኔዘርላንድስ አመለጠች። ሃን የእናቱን የአልማዝ ቀለበት ሰጥቷት ነበር፤ የድንበር ጠባቂዎች ቢይዟት መደለያ እንዲሆናት። ደግነቱ አላስፈለጋትም።

ከዚያ ወደ ስዊድን ተሻገረች። በዚያው ዓመት የገና ሰሞን ከሃን ደብዳቤ ደረሳት። ዩራኒየምን ኒውትሮን በሚባሉ ደቃቅ ነገሮች ሲመታው ባሪየም አግኝቷል፤ ከየት እንደመጣ ግን ሊገባው አልቻለም። ሊዘ ከእኅቷ ልጅ ከኦቶ ፍሪሽ ጋር በበረዶው ላይ ወጡ፤ እሱ በበረዶ መንሸራተቻ፣ እሷ በእግሯ። ግንድ ላይ ተቀምጠው በቁራጭ ወረቀት ማስላት ጀመሩ።

የአተም አስኳል እንደ ውኃ ጠብታ ቢሆንስ? ሲመታ ይለጠጣል፣ ሊጥ ሲጎተት እንደሚሆነው መሀሉ ይቀጥናል፣ በመጨረሻ ይበጠሳል። ዩራኒየም 92 ፕሮቶኖች አሉት፤ ባሪየም 56። የቀረው 36፣ ክሪፕተን የሚባል ጋዝ ነው። እስቲ ደምሩት! ክብደታቸው ግን ሲደመር ትንሽ ይጎድላል፤ የጎደለው ኃይለኛ ጉልበት ሆኖ ይወጣል።

የ1944ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሃን ብቻ ተሰጠ። ትክክል አልነበረም እንላለን። አተም ቦምብ በሚሠራበት ፕሮጀክት እንድትሳተፍ ስትጋበዝም ሊዘ እምቢ አለች።

በ1968 አረፈች። ታላቅ እኅት ወይም ወንድም ካላችሁ የኬሚስትሪ መጽሐፋቸውን ተዋሱና በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ 109 ቁጥርን ፈልጉ። ማይትነሪየም ይላል።