ጡት የምታጠባ እናትና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት

አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ሕመም የሚሰማት በብዙ ምክንያት ነው። በምጥ ጊዜ የተሰነጠቀው ወይም የተሰፋው ገላ ይቈጠቍጣታል፤ በቀዶ ሕክምና የወለደችም እንደ ሆነ ቍስሉ እስኪሽር ድረስ መነሣትና መቀመጥ ያስጨንቃታል። ሕፃኑ ጡት በሳበ ቍጥር ማሕፀን ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ስለሚኰማተር፣ በተለይ ሁለተኛና ከዚያ በላይ ልጅ የወለደች እናት በምታጠባበት ሰዓት ብርቱ ቍርጠት ይይዛታል። ከዚህም ሌላ እንደ ማንኛውም ሰው ራሷን፣ ጥርሷን ወይም ወገቧን ሊያማት ይችላል።

እንዲህ ባለው ጊዜ የእናቶች አሳብ በሦስት ይከፈላል። አንዳንዶቹ «የምውጠው ኪኒን በወተቴ አልፎ ልጄን ይጎዳብኛል» በማለት ሥቃዩን ችለው ይቀመጣሉ። ሌሎቹ ኪኒኑን ይውጡና ጡታቸውን ለሕፃኑ ይከለክላሉ፤ ወተቱንም አልበው ይደፋሉ። ሦስተኞቹ ደግሞ ከጎረቤት የተገኘውን ኪኒን ሁሉ ምንነቱን ሳይጠይቁ ይወስዳሉ። የመጀመሪያዎቹና የሁለተኞቹ ጭንቀት ከእናትነት ፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አይነቀፍም፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምክንያት ይጎዳቸዋል። የሦስተኞቹ ድፍረት ግን ለሕፃኑ ሕይወት የሚያሰጋበት ጊዜ አለ።

መድኃኒት ወደ ወተት የሚገባው እንዴት ነው?

እናቲቱ የዋጠችው መድኃኒት በሆድ ዕቃ ሟሙቶ ወደ ደም ይገባል፤ ደሙም በመላው አካል ሲዘዋወር ወደ ጡት ይደርሳል። ወተት የሚሠራው ደም ከሚያመጣው ነገር ስለ ሆነ፣ ከመድኃኒቱ ጥቂቱ ከወተቱ ጋር ያልፋል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ያልፋል ወይስ አያልፍም?» የሚለው ሳይሆን «ምን ያህል ያልፋል? ያለፈውስ ሕፃኑን ይጎዳዋልን?» የሚለው ነው። ለሕፃኑ የሚደርሰው በክብደት ተመዛዝኖ እናቲቱ ከወሰደችው ከ10 ከመቶ በታች ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደማያሰጋ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ የአራስ ልጅ ጉበትና ኵላሊት ገና ያልጠነከሩ ስለ ሆኑ መድኃኒት ከገላው ቶሎ አይወጣለትም። ስለዚህ ሁለት ወር ላልሞላው፣ ያለ ጊዜው ለተወለደና ለታመመ ሕፃን ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የታወቁት መድኃኒቶች

1ኛ/ ፓራሲታሞል። ለምታጠባ እናት ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጠው ይህ ነው። በወተት የሚያልፈው፣ ሕፃን ሲያተኵሰው በሐኪም ከሚታዘዝለት መጠን እንኳ ያነሰ ነው። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ኪኒን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ይቻላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ፍሬ ማለፍ ጉበትን ይጎዳል።

2ኛ/ አይቡፕሮፌን። ወደ ወተት የሚገባው ከ1 ከመቶ በታች ነው። ከወሊድ በኋላ ለሚሰማው ቍርጠትና ለጡት እብጠት በጣም ይረዳል። ምግብ ከተበላ በኋላ 400 ሚሊ ግራም በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። የጨጓራ ቍስለት፣ የኵላሊት በሽታ፣ አስም ወይም የደም ግፊት ያለባት እናት ግን አስቀድማ ሐኪም ትጠይቅ። ዲክሎፌናክ የዚሁ ዘመድ ስለ ሆነ ሁለቱን በአንድነት መውሰድ አይገባም።

3ኛ/ አስፕሪን። ለሕመም ማስታገሻ ያህል በሚበዛ መጠን ሲወሰድ ለምታጠባ እናት አይመከርም፤ በሕፃናት ላይ ጉበትንና አንጎልን ከሚጎዳ ብርቱ በሽታ ጋር የተያያዘ ነውና። ሐኪም ለልብ ወይም ለደም መርጋት በጥቂቱ ያዘዘላት እናት ግን ሐኪሟን ሳትጠይቅ አታቋርጠው።

4ኛ/ ኮዴይንና ትራማዶል። ከእነዚህ መራቅ ይገባል፤ ምክንያቱንም ቀጥለን እንገልጻለን።

በአገራችን ይልቁን መጠንቀቅ ያለብን ስለ ምንድን ነው?

ኮዴይን በራሱ ደካማ መድኃኒት ነው፤ የሚበረታው ጉበት ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ትራማዶልም በዚሁ ዓይነት በጉበት ተለውጦ ይበረታል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ለውጥ እጅግ ፈጥኖና አብዝቶ የሚፈጽም ጉበት ከወላጆቻቸው ይወርሳሉ። እንዲህ ያለች እናት ጥቂት ብትወስድ እንኳ ብዙ ሞርፊን በወተቷ ሊያልፍ፣ ሕፃኑም በእንቅልፍ ተይዞ ትንፋሹ ሊደክም ይችላል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 ከመቶ የሚሆኑት ለዚህ ጠባይ ምክንያት የሚሆነውን ውርስ ይዘው ተገኝተዋል። በሰሜን አውሮፓ ግን ይህ የሚገኘው በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ነው። እናቲቱም ይህን ጠባይ በመልኳ ወይም በጤንነቷ ልታውቀው አትችልም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ሁለቱንም እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል፤ ማስጠንቀቂያው ለእኛ ይበልጥ የሚገባ መሆኑን ከዚህ ቍጥር መረዳት ይቻላል።

እናቲቱ ልትፈጽማቸው የሚገቡ ነገሮች

ከመድኃኒት ቤት በምትገዛበት ጊዜ «ጡት አጠባለሁ» ብላ አስቀድማ ትናገር፤ የሕፃኑንም ዕድሜ ትግለጽ። ኪኒኑን ካጠባች በኋላ ወዲያው ብትውጥ መልካም ነው። ለጉንፋን ከሚሸጡት ኪኒኖች ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሳታውቀው እጥፍ እንዳትወስድ፤ ከእነዚሁ አንዳንዶቹ ደግሞ ሱዶኤፌድሪን የሚባል ወተት የሚያሳንስ ነገር አለባቸው። መጠኑ ያልታወቀ የባህል መድኃኒትም ምን ያህሉ በወተት እንደሚያልፍ ስለማይለካ በደፈናው መጠጣት አይገባም።

ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ስለ ወሰደች ማጥባቷን ማቋረጥ ወይም ወተቷን መድፋት አያስፈልጋትም። ጡት በድንገት ሲቋረጥ ወተቱ ተጠራቅሞ ጡቱ ያብጣል፤ በጡጦ የሚሰጠውም ምትክ ወተት በንጹሕ ውሃ ካልተዘጋጀ ተቅማጥ ያመጣል። ጡቷ ቀልቶ ያበጠ እናት እንኳ በዚያው ጡት ማጥባቷን መቀጠል አለባት።

ሕፃኑ ከወትሮው ይልቅ እንቅልፍ ካበዛ፣ ጡት መሳብ ካቃተው፣ ገላው ከዛለ ወይም ትንፋሹ ከከበደ መድኃኒቱን አቁሞ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ግዴታ ነው።

በመጨረሻም ሕመም መልእክተኛ መሆኑ አይዘንጋ። ማስታገሻ ሕመሙን ያበርዳል እንጂ ምክንያቱን አያስወግድም። ትኵሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የሚበዛ ደም፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፣ ወይም ዓይንን ከሚያደበዝዝ ነገር ጋር የመጣ ብርቱ ራስ ምታት ከወሊድ በኋላ የታየባት እናት፣ ኪኒን ውጣ መተኛት ሳይሆን በዚያው ዕለት በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባታል። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ማለታቸው ለእመጫትም የተነገረ ምክር ነው።