ከዕቁብ የወጣ ነጋዴ ስለሚመለስበት ልማድ

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ለባንክ የሚያሲዘው ንብረት የሌለው ነጋዴ የንግዱን መነሻ ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ ዕቁብ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው የማኅበርተኞቹን ገንዘብ ባንድ ጊዜ ያነሣል፤ ዙሩ እስኪያልቅ ግን መጣሉን አያቋርጥም። ስለዚህ ዳኛው ገንዘቡን የሚያስረክበው ዋስ ሲጠራ ነው። ዋሱም ብዙ ጊዜ ጎረቤት ባለሱቅ ወይም ያገር ልጅ ይሆናል።

ዕጣ ሳይደርሰው የወጣ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ የጣለውን ብር ዘግይቶም ቢሆን ይቀበላል። ካነሣ በኋላ የጠፋው ግን ዕዳውን በዋሱ ጫንቃ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ይህ ሰው ለመመለስ ቢሻ ውዝፉን መክፈሉ ብቻ አይበቃውም። አስቀድሞ ከዋሱ ጋር መታረቅ ይገባዋል፤ የቀድሞ ዋሱን ላስቀየመ ሰው ሌላ ዋስ በቀላሉ አይገኝምና። ክስ ማቅረብ የሚቻል ቢሆንም ሽማግሌ መላክ ይቀድማል፤ በክስ ገንዘቡ ይገኝ ይሆናል፤ ሰውየው ግን አይገኝም። አባል በጎደለ ቁጥርም የሚነሣው ገንዘብ ያንሳል። ዕቁብን የቁጠባ ዘዴ ብቻ አድርጎ መተርጐም ይህን የዋስትና ሰንሰለት ይሰውራል።

ዳኛውና ማኅበርተኞቹ ተስማምተው የተመላሹን ዕጣ ወደ ዙሩ መጨረሻ ቢያቆዩት፣ ያ ሰው በዚያ ዙር አበዳሪ እንጂ ተበዳሪ አይሆንም።