«ዶክተር፣ ለእናታችን እንዳይነግሯት»

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ የሠራ ሐኪም ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ልመና አለች። የምርመራ ውጤት ሲደርስ ታላቁ ልጅ ወይም አክስት ታማሚዋን ክፍል ውስጥ ትተው ወደ ኮሪደር ይወጣሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክተር፣ ለእኛ ይንገሩን፤ ለእናታችን ግን እንዳይነግሯት» ይላሉ። ልመናው ክፋት የለበትም፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህ ፍቅር ሕክምና ሲያዘገይና ሰውን ለብቻው ሲያስጨንቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማነሳው የአንድ በሽታ ጉዳይ ሳይሆን፣ በቤተሰብ ውስጥ ደስታና መከራ የሚነገርበት መንገድ በጤናችን ላይ ስላለው ድርሻ ነው።

ደስታን ለመካፈል ማናችንም ምክር አንሻም። በነቀምቴዋ በከኒሳ ቀሴ አንዲት ሴት ስትወልድ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል። በአምስተኛው ቀን፣ ኦሮሞው «ሸነን» በሚለው ሥርዓት፣ ሴቶች ተሰብስበው አራሷን ይንከባከባሉ፤ በቅቤ የራሰ ገንፎ ይበላል፤ እንደየቤቱ አቅም የወለጋው አንጮቴም ይቀርባል። ለሐኪም ይህ ከባህልም በላይ ነው። ወልደው ያደጉ ሴቶች አራሷን በቅርብ የሚያዩበት ቀን ስለሆነ ትኩሳቷን፣ የደሟን ብዛት፣ ያለ ምክንያት ማልቀሷን ከባሏ ቀድመው የሚያስተውሉት እነሱ ናቸው።

ለመከራውም ቢሆን አያቶቻችን ሥርዓት አበጅተውለታል። መርዶ በማንም አፍ፣ በማንኛውም ሰዓት አይነገርም። ሽማግሌዎችና የቅርብ ዘመዶች አስቀድመው ይመክራሉ፤ ብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ይሄዳሉ፤ ጎረቤትና ዕድርተኛ በር ላይ ይሰባሰባል፤ ሀዘንተኛው ሲሰማ ግራና ቀኙን የሚደግፈው ሰው አለ። ይህን ሥርዓት የኋላቀርነት ምልክት አድርገው የሚያዩ ወጣቶች ያጋጥሙኛል። እኔ ግን እንደ ሐኪም መርዶ የሚነገርበትን መንገድ የቀረጹትን ሰዎች አደንቃለሁ።

ምክንያቱን ልንገርዎ። በ2012 እ.ኤ.አ. ሰርኩሌሽን በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የአሜሪካ ጥናት የልብ ድካም (ድንገተኛ የልብ ሕመም) ገጥሟቸው ከሞት የተረፉ 1 ሺህ 985 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። አንድ ሰው የሚወደው ሰው መሞቱን በሰማ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ጊዜ በ21 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በመጀመሪያው ሳምንትም ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ቁጥሩ አያስደንግጥዎ፤ ለጤነኛ ሰው መነሻው አደጋ ራሱ ትንሽ በመሆኑ አብዛኛው ሀዘንተኛ ልቡ ሳይታመም ያልፋል። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ላለባቸው ግን ጉዳዩ ከቁጥር በላይ ነው። በተጨማሪም በ1990 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሐኪሞች ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጹት፣ በከባድ ድንጋጤ የልብ ጡንቻ ለጊዜው የሚዳከምበት ሕመም አለ። በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ ነው። «ልቤ ተሰበረ» የሚለው አነጋገራችን ከሕክምናው ብዙ የራቀ አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ መርዶ የማርዳት ኃላፊነት ከወደቀብዎ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲመክሩ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «ሰውየው ምን መድኃኒት ይወስዳል?» የጠዋት ኪኒኑን ሳይውጥ፣ ቁርሱን ሳይቀምስ አይንገሩት። አስቀምጠው ይንገሩት። ከዚያ በኋላ በሚመጡት የለቅሶ ቀናት መድኃኒቱን የሚያስታውስ አንድ ሰው፣ ከተቻለ ልቅሶው ያልከበደበት ወጣት፣ ይመደብ። ድንኳን ውስጥ ቡና የሚያፈላ፣ ወንበር የሚደረድር ሁሉ ተመድቦ ኪኒን የሚያስታውስ ብቻ አለመመደቡ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሀዘንተኛ ምግብ ሳይቀምስ የተለመደውን መጠን ቢወጋ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር ካዩና መዋጥ ከቻለ ወዲያውኑ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሕክምና ያድርሱት። በሌላ በኩል «በሀዘን መሀል መርፌ ምን ያደርጋል» ብሎ ኢንሱሊኑን ጨርሶ መተውም ሆስፒታል ያስገባል፤ መጠኑን እንዴት እንደሚያስተካክል የሚከታተለውን ጤና ባለሙያ ይጠይቅ። ደረትን የሚጫን ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን እጅና እግር መስነፍ፣ የአፍ መጣመም ካዩ «ከሀዘኑ ብዛት ነው» ብለው አይጠብቁ። ከጎረቤት የተገኘ የማረጋጊያ ኪኒንም አይስጡ፤ በተለይ አረቄ የቀመሰ ሰው ላይ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ዛሬ በስልክ እየተቀደመ ነው። ሽማግሌዎቹ ገና ሲመክሩ የሟቹ ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። አዲስ አበባ የምትማረው ልጅ ታክሲ ውስጥ፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለችው በአሠሪዋ ማዕድ ቤት፣ ሚኒሶታ ያለው ወንድም በሌሊት ፈረቃው መሀል፣ ለብቻቸው ይሰሙታል። በ2012 ዓ.ም ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ድረስ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ደግሞ ተቃራኒውን አይተናል። የልደትም የሞትም ወሬ በመንገደኛ ይላክ ነበር፤ በሩቅ ያለው ልጅ የእናቱን ደኅንነት ሳያውቅ ሳምንታት ያድር ነበር። አለማወቅ ራሱ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም መሆኑን የዚያን ጊዜ ሰዎች ይመሰክራሉ። ሁለቱን ስናይ የሚሻለው በቤተሰቡ መካከል አንድ ስምምነት ነው። ሩቅ ላለው ሰው የሚደውለው ማን እንደሆነ፣ እዚያ አጠገቡ ሆኖ የሚሰማለት ጓደኛ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ምንም አይለጥፍ። «ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና» ብሎ አስመጥቶ ከቦሌ ወደ ለቅሶ ድንኳን መውሰድን ግን አልመክርም። በዚህ መንገድ ከተረዱት ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ የሚያነሱት ከሞቱ ይልቅ መታለላቸውን ነው።

ወደ ኮሪደሩ ልመና ልመለስ። በሽታን መደበቅ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተደረገ መጠይቅ 90 በመቶ የሚሆኑት ሐኪሞች ካንሰርን ለታማሚው አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶዎቹ መንገርን መረጡ። በመሀሉ የሰው ልብ አልጠነከረም። ሕክምናው ተሻሻለ፣ የታማሚው መብት ታወቀ፣ የተደበቀው ሰው ምን እንደሚሰማውም ተጠየቀ።

አንዲት በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ እናት አስታውሳለሁ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። የማሕፀን በር ካንሰር ተገኝቶባቸው ወደ አዲስ አበባ ለጨረር ሕክምና ተላኩ። ልጆቻቸው «ቁስለት ነው» አሏቸው። እሳቸውም «ለቁስለት 330 ኪሎ ሜትር አልሄድም፣ ቡናው ይለቀም» ብለው ተቀመጡ። ልጆቹ እውነቱን ሳይናገሩ ሊያሳምኗቸው ሲለፉ ሁለት ወር አለፈ። በዚህ በሽታ ሁለት ወር ብዙ ነው። በመጨረሻ ለብቻቸው ሆነው «ስለ ሕመምዎ ምን ያውቃሉ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ልጄ፣ ካንሰር ነው። ወረቀቱን የጎረቤት ተማሪ አንብቦልኛል። ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ። እናት ለልጆቻቸው፣ ልጆቹም ለእናታቸው ሲደብቁ ሁሉም በየጓዳው ለብቻው ሲያለቅስ ከርሟል። በዚያው ቀን አንድ ላይ ተቀምጠው ተነጋገሩ፣ ተላቀሱ። እናትየው ሁለት ነገር ጠየቁ፤ ከፋሲካ በኋላ የታሰበው የልጃቸው ሠርግ ወደ ጥር እንዲመጣና አዲስ አበባ አብራቸው የምትሄደው ታናሿ ልጃቸው እንድትሆን። ሁለቱም ሆነላቸው፤ ሕክምናውንም ጀመሩ።

ታዲያ እንዴት ይነገር? በመጀመሪያ ሐኪሙ ይንገር፤ ይህ ሸክም የልጅ አይደለም። ቤተሰቡ ግን አጠገብ ይሁን። ታማሚው የሚያውቀውን ካወቁ በኋላ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ይጠየቅ። «ዝርዝሩን ለልጄ ንገሩት፣ እኔ አልፈልግም» የሚል ሰው አለ፤ ይህም መብቱ ነው፤ ዋናው ነገር ምርጫው የራሱ መሆኑ ነው። ከዚያ በአጭሩ፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገርና ዝም ይባል። ዝምታው ይከብዳል፤ ወዲያው «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» ብለው አይሙሉት። ምንም ካልሆነማ አዲስ አበባ ድረስ ለምን ትሄዳለች? ቋንቋ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ከወለጋ ሄዶ አዲስ አበባ የሚታከም፣ አማርኛ የማይሰማ ታማሚ ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉመው በልጁ ነው፤ ልጁም ከባዱን ቃል ዘሎ ያልፋል። አፋን ኦሮሞ የሚናገር ነርስ ወይም ሐኪም እንዲያስረዳቸው ይጠይቁ፤ አሳፋሪ ጥያቄ አይደለም።

ለዘመድ ሳይነገር የሚቀረው ካንሰር ብቻ አይደለም። በወለጋ ብዙ ቤት የሚደብቀው አንድ ሕመም ዝሆኔ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ የተደረገ ጥናት ከነዋሪው 2.8 በመቶው ይህ የእግር እብጠት እንዳለበት አሳይቷል። «የዘር በሽታ ነው» ተብሎ ለጋብቻ እንዳያሰናክል አያት ጓዳ ይቀመጣሉ፣ የአባት እግር በካልሲ ይሸፈናል። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ እዚህ አካባቢ የሚታየው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። እርግጥ ነው፣ ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ይወርዳል፤ ይህንንም ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የዘረ መል ጥናት አሳይተዋል። ተጋላጭነት ቢወርስም ከልጅነቱ ጫማ የሚያደርግና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ልጅ ሊጠበቅ ይችላል። የአያቱን እግር የደበቁበት ልጅ ግን ለምን ጫማ እንደሚያስፈልገው አያውቅም። የደም ግፊት፣ የስኳርና የጡት ካንሰርም እንዲሁ ናቸው። እህትዎ በ40 ዓመቷ የጡት ካንሰር ከተገኘባት ለእርስዎና ለሴት ልጆችዎ መነገሩ ሐሜት ሳይሆን የምርመራ ጥሪ ነው።

መርዶ የሌለው ሀዘንም አለ። ልጇ ሞቶ የተወለደባት እናት ሸነን የላትም፤ ድንኳንም አይጣልላትም። «ገና ወጣት ነሽ፣ ሌላ ይሰጥሻል» ተብላ በሦስተኛው ቀን እንጀራ እንድትጋግር ይጠበቃል። ታላቅ ልጅ ካላትም «ሕፃኑ ተኝቷል» ይባልና ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ መተኛት ሊፈራ ይችላል። ለልጅ «ሞቷል፣ አይመለስም፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ማለት ይሻላል፤ ደጋግሞ ቢጠይቅም በትዕግሥት ደጋግመው ይመልሱለት። እናትየው ሕፃኑን ማየት ከፈለገች አይከልክሏት፤ ካልፈለገችም አያስገድዷት። ማንም የማይነግራት ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ በሦስተኛው ቀን ገደማ ጡቷ በወተት ይሞላል። ደንግጣ እንዳታለቅስ አስቀድመው ይንገሯት። ጡቷን በደንብ የሚደግፍ ልብስ ትልበስ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ትያዘው፣ ሕመሙ ሲበረታ ለማስታገስ ብቻ ጥቂት ታውጣ እንጂ ጨርሳ አታልበው። ትኩሳት ከመጣ፣ ጡቷ ከቀላ፣ የደሟ መጠን ከጨመረ ወይም ሽታው ከተለወጠ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትሂድ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሏት ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ይዘዋት ይምጡ፤ መሞትን የሚመኝ ቃል ከተናገረች ግን ሁለት ሳምንቱን ሳይጠብቁ፣ ለብቻዋም ሳይተዋት ዛሬውኑ ያምጧት።