የማይነቀል አድማጭ፦ በጃቫስክሪፕት የክስተት አድማጮችና የኦብጀክት አወጋገድ

አንድ መስኮት ከማያ ገጽ ላይ ስለጠፋ ብቻ ከማኅደረ ትውስታ ወጥቷል ማለት አይደለም። የጃቫስክሪፕት ቆሻሻ ሰብሳቢ አንድን ኦብጀክት የሚያነሣው ከፕሮግራሙ ሥር ተነሥቶ ወደ እርሱ የሚያደርስ የማጣቀሻ ሰንሰለት ፈጽሞ ሲቋረጥ ነው፤ ኦብጀክቱ ከእንግዲህ የማይፈለግ መሆኑ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። ይህን ሰንሰለት ሳይታወቅ ከሚያቆዩት መካከል ዋነኛው የክስተት አድማጭ ነው።

የችግሩ መነሻ የማጣቀሻው አቅጣጫ ነው። አድማጩ ምንጩን ይከታተላል ስለሚባል፣ ምንጩን የያዘው እርሱ ይመስላል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። አድማጭ ሲመዘገብ ወደ ምንጩ ዝርዝር ይገባል፤ ምንጩ እስካለ ድረስም የተመዘገበው ፋንክሽን፣ ፋንክሽኑ ከተጻፈበት ዐውድ የያዛቸው ተለዋዋጮች፣ እነርሱም የሚያመለክቷቸው ኦብጀክቶች ሁሉ አብረው ይኖራሉ። ምንጩ የብራውዘሩ መስኮት ከሆነ ዕድሜው ከገጹ ዕድሜ ጋር እኩል ነው፤ ገጹን እንደገና ሳይጭን ከክፍል ወደ ክፍል በሚያዘዋውር ፕሮግራም ውስጥ ደግሞ ይህ ቀኑን ሙሉ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ቀዳሚው ጥያቄ ከምንጩና ከአድማጩ ረጅም ዕድሜ ያለው የትኛው ነው የሚለው ነው። አንድ አዝራርና አድማጩ አብረው የሚቀሩ ከሆነ፣ የዛሬ ብራውዘሮች ሁለቱንም በአንድነት ያነሣሉ። እያንዳንዱ አድማጭ የግድ በእጅ ይነቀል የሚለው የቆየ ምክር እንደ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ባሉ ብራውዘሮች ዘመን ተገቢ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በገጹ አካላትና በጃቫስክሪፕት ኦብጀክቶች መካከል የሚፈጠር የዙር ማጣቀሻ በቀላሉ አይፈታም ነበርና። ዛሬ ጥንቃቄ የሚሻው ምንጩ ከአድማጩ በኋላ የሚኖርበት ሁኔታ ነው።

የማኅደረ ትውስታ ብክነት ደግሞ ከጉዳቶቹ ቀላሉ ነው። ከመለኪያ መሣሪያ የሚመጣ ንባብን የሚመዘግብ የቤተ ሙከራ ፕሮግራም ይታሰብ። የመመዝገቢያው ገጽ በተከፈተ ቁጥር አዲስ አድማጭ ቢጨምርና ሲዘጋ ባይነቅል፣ ገጹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲከፈት እያንዳንዱ ንባብ ሦስት ጊዜ ይጻፋል። ፕሮግራሙ አይቆምም፤ የስሕተት መልእክትም አይታይም። የሚበላሸው መረጃው ነው።

መንቀሉም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። «ሪሙቭ ኢቨንት ሊስነር» የተባለው ትእዛዝ የሚሠራው ሲመዘገብ የተሰጠው ያው ፋንክሽን ሲሰጠው ብቻ ነው፤ በጽሑፍ አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ፋንክሽን አይበቃውም። «ባይንድ» በተጠራ ቁጥር አዲስ ፋንክሽን ስለሚፈጥር፣ አንዱን መዝግቦ ሌላውን ለመንቀል መሞከር የተለመደ ነው፤ ትእዛዙም የሚነቅለው ሲያጣ ዝም ብሎ ያልፋል። ከዚህ የተሻለው መንገድ «አቦርት ኮንትሮለር» ነው፦ አድማጮቹ ሁሉ በአንድ ምልክት ሥር ይመዘገባሉ፤ ባለቤታቸው ሲዘጋ አንድ ጥሪ ሁሉንም ይነቅላል። የመዘገበ ይንቀል የሚለውን ግዴታ ከፕሮግራመሩ ትውስታ አውጥቶ በኮዱ መዋቅር ላይ ስለሚያሳርፈው ተመራጭ ያደርገዋል።

ደካማ ማጣቀሻ እንደ መፍትሔ ሲቀርብ ይታያል። ይሁን እንጂ ቆሻሻ ሰብሳቢው መቼ እንደሚሠራ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ የተተወው አድማጭ እስከዚያው ድረስ ምላሽ መስጠቱን ይቀጥላል። ከላይ የተጠቀሰው የተደጋገመ ምዝገባ በዚህ አይወገድም፤ የሚቆምበት ጊዜ ብቻ በውል የማይታወቅ ይሆናል።

የሦስት አቅጣጫ ምስል የሚሠራበት የ«ትሪ ጄኤስ» ቤተ መጻሕፍት ጉዳዩን ከሌላ ወገን ያሳያል። በዚህ ቤተ መጻሕፍት የቅርጽና የገጽታ ምስል መረጃ በግራፊክስ ካርዱ ላይም ስለሚቀመጥ ቆሻሻ ሰብሳቢው ያንን ክፍል አያየውም። አንድን አካል ከትዕይንቱ ማውጣት ብቻውን ምንም አያስለቅቅም፤ «ዲስፖዝ» መጠራት አለበት። ይህ ትእዛዝ በውስጡ የሚያደርገው ክስተት ማሰማት ነው፤ ሠዓሊው ክፍል ያንን ክስተት አድምጦ በካርዱ ላይ የተያዘውን ቦታ ያስለቅቃል። እዚህ ላይ አወጋገዱ ራሱ በአድማጭ ላይ ቆሟል።

ቤተ መጻሕፍቱ ይህን በራሱ የማያደርገው አንድ ቅርጽ በብዙ አካላት ሊጋራ ስለሚችልና ባለቤቱ ማን እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት የአንድ ቁስ መወገድ በላዩ ያሉትን የገጽታ ምስሎች አያስወግድም፤ እነርሱ ለየብቻ ይወገዳሉ።

የተወገደና ያልተወገደውን ለመለየት ሠዓሊው ክፍል በማኅደረ ትውስታ የያዛቸውን ቅርጾችና ምስሎች ብዛት በ«ኢንፎ» ሥር ያሳያል። አንድን ትዕይንት አሥር ጊዜ ከፍቶ በመዝጋት ቁጥሩ ወደ መነሻው መመለሱን ማየት ይቻላል። በየዙሩ በእኩል መጠን የሚጨምር ከሆነ፣ በአንድ ዙር የሚጨምረው ቁጥር ስንት ኦብጀክት ሳይወገድ እንደሚቀር ያመለክታል።