እጁ የተዘረጋው ታምሩርና አጥር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት እዚሁ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ዶኽ (የትራፊክ ቅጣት ወረቀት) ተጻፈብኝ። ጎህ ሲቀድ ነው፤ ፈረቃ እንዳያልፈኝ እየተጣደፍኩ መስቀለኛው መንገድ ላይ ደረስኩ። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፤ መኪና የለ፣ ሰው የለ። ፍሬን ነካ አድርጌ አለፍኩ። ፖሊሱ ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ብቅ አለ።

«ማንም አልነበረም እኮ» አልኩት።

«ታምሩሩ ነበር» አለኝ፤ የመንገድ ምልክቱን ማለቱ ነው።

አገር ቤት ቀዩ ስምንት ማዕዘን ምልክት ላይ «ቁም» ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ፊደል የለበትም፤ የተዘረጋ ነጭ እጅ ብቻ ነው። ቁጥሩ 302 ነው። ቅድሚያ ስጥ ከሚለው ከተዘቀዘቀው ሦስት ማዕዘን፣ ከ301፣ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ በ301 መንገዱ ነጻ ከሆነ ፍጥነት ቀንሰህ ታልፋለህ፤ በ302 ግን መንገዱ ባዶም ቢሆን ትቆማለህ። «ሦስት ሰከንድ ቁም» የሚባለው የሰው ወሬ ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ጎማው ጨርሶ መቆሙን ነው። መስመር ካለ ከመስመሩ በፊት፣ ከሌለ ደግሞ መስቀለኛው ውስጥ ሳይገቡ፣ መጪው መኪና በሚታይበት ቦታ። ያን ያላደረገ ሰው ከቅጣቱ ሌላ መዝገቡ ላይ ነጥብ ይያዝበታል።

ይህን እያብሰለሰልኩ ማታ ስወጣ አንድ የሕንጻ ሥራ በር ላይ የኛ ልጆች ተሰብስበው አየሁ። አጥሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ርእሱ ላይ «ጻቭ» የምትለዋ ቃል አለች፤ ትእዛዝ ማለት ነው። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ለቃብላኑ፣ ለተቋራጩ፣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አለኝ። የእኔው የጠዋት ክርክር ነው! ስለዚህ ላስረዳ። «ሥራ አቁም» የሚለው ወረቀት አንድ ዓይነት አይደለም።

1. የደኅንነት ትእዛዝ። ከሥራ ተቆጣጣሪ የሚመጣ ነው፤ መሠረቱ የ1954ቱ የሥራ ቁጥጥር ሕግ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። መከለያ የሌለው የፎቅ ጠርዝ፣ የላላ ፒጉም (የግንባታ መወጣጫ)፣ ሊደረመስ የደረሰ ጉድጓድ ያስወጣዋል። በ1988ቱ ደንብ መሠረት ግንባታ ያለ ሜናሄል አቮዳ (የሥራ ኃላፊ) አይሠራም፤ ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ የሚሠራ ሰው ደግሞ በ2007ቱ ደንብ ሥልጠና ሊኖረው ይገባል። ልብ በሉ፦ ትእዛዙ አንዳንዴ ግቢውን ሁሉ፣ አንዳንዴ አንድ ክሬን ብቻ ነው የሚያቆመው።

2. የፕላን ትእዛዝ። ከአካባቢው የፕላንና ግንባታ ኮሚቴ የሚመጣ ነው፤ መሠረቱ የ1965ቱ ሕግ ሲሆን በ2017 «የካሚኒጽ ሕግ» በሚባለው ማሻሻያ ጠንክሯል። እዚህ ጥያቄው ፈቃድ ነው፦ ያለ ፈቃድ ተሠርቷል? ከፈቃዱ ውጭ ተሠርቷል? መከለያ ብትተክል ይህ ወረቀት አይነሣም።

3. የፍርድ ቤት ትእዛዝ። ይህን ማንሣት የሚችለው ፍርድ ቤት ነው።

ሥራ የቆመ ሁሉ ግን ትእዛዝ ወጥቶበት አይደለም። በጁን 2024 ኢንቴል እዚሁ ከተማችን ውስጥ የ25 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያውን እንዳቆመ ሲወራ ብዙዎች «ተዘጋ» ብለው ነበር። ያ ግን የባለሀብት ውሳኔ ነው። ባለሀብት በፈለገው ቀን ይመለስበታል፤ ጻቭ ግን ቃብላኑ «ግቡ፣ እኔ አለሁ» ስላለ አይነሣም። ትእዛዝ ሲጣስ የሚከሰሰው ባለቤቱና ቃብላኑ ይሆናል፤ ፒጉሙ ሲወድቅ ግን ከላይ ያለው ሠራተኛው ነው።

ስለዚህ ወረቀት ስታዩ ፎቶ አንሡት፤ ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጃችሁን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ማን ፈረመው? ምን ከለከለ? ማን ያነሣዋል? ጥሰት አይቶ ለባለሥልጣን በቅን ልብ ያመለከተ ሠራተኛ እንዳይባረር የሚጠብቅ የ1997 ሕግም አለ። መልሱን ሳታገኙ፣ እባካችሁ፣ ፒጉም ላይ አትውጡ።

እኔ ዶኼን እከፍላለሁ። የኔ ጥፋት በገንዘብና በነጥብ የሚያልቅ ነው።